ቀይ ክር ያለባቸው ካርዶች

የልጅ ልጄ የምትሠራው እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አጠገብ ካለ ክሊኒክ ነው። ሰሞኑን ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። ስብሰባ አለብኝ ትላለች። በየቀኑ የምን ስብሰባ ነው ብላት፣ "እማማ፣ የበሽተኛውን ካርድ በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ልናስገባ ነው፤ ወረቀት የሚባል ነገር ሊቀር ነው፤ ዕቅድ እያወጣን ነው" አለችኝ። ጎሽ፣ ደግ አደረጋችሁ አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ወረቀት አይጥ ይበላዋል፣ ውሃ ያበላሸዋል። ከዛ እስቲ እዚህ ስብሰባ ላይ እነማን ናችሁ ብዬ ጠየቅኳት። ዶክተሩ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ኮምፒውተሩን የሚገጥመው ልጅ፣ ካርድ ክፍሏ፣ እኔ ብላ በጣቷ ቆጠረችልኝ።

"ጽዳቷስ?" አልኳት።

ሳቀች። "ጽዳቷ ምን ልትሠራ፣ እማማ?" አለች።

እኔ ደም ግፊት አለብኝ፤ አትናደጂ ተብያለሁ። ጨው ተዪ ሲሉኝ ትቻለሁ፣ ሥጋ ቀንሺ ሲሉኝ ቀንሻለሁ፣ ንዴቱን ግን ማን ይተወዋል። "ነይ ቁጭ በይና ጻፊ" አልኳት። እኔ ቀለም አልቆጠርኩም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከሀ ተነስቼ እስከ መ ደርሼ ነበር፣ ከዛ ልጅ ወለድኩ፣ እዛው መ ላይ ቀረሁ። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። ፊቷን አጥቁራ ነው የምትጽፈው፤ ታጥቁረው።

ያኔ በደርግ ጊዜ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ከመናኸሪያ ብዙም የማይርቅ አንድ ክሊኒክ ጽዳት ነበርኩ። ባልዲ፣ መወልወያ፣ በረኪና፣ ይሄ ነው ሥራዬ። ግን ካርድ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሰውዬ ዓይኑ ደካማ ነበር፤ መነጽሩ ተሰብሮ በፕላስተር አጣብቆት ነበር የሚያደርገው። ወረፋው በር ድረስ ሲደርስ፣ "እስቲ አንቺ የዛችን ሴትዮ ካርድ ፈልጊልኝ" ይለኛል። እኔ መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እገባለሁ።

አታነቢ፣ እንዴት ታገኚው ነበር አለችኝ አሁን ይቺ ጸሐፊዬ። ሰው ፊት አለው፣ ካርድም ፊት አለው። አንዱ ጥጉ ታጥፏል፣ አንዱ ላይ ቅቤ ፈስሶበታል፣ አንዱን ሕፃን አኝኮታል። እኔ ሰውየውን ሳይ ካርዱ ትዝ ይለኛል። ደሞ ክሩ አለ። ክሩን ያመጣችው በፊት የነበረችው ሲስተር ናት፤ ትልቅ ሴት፣ ቆጣ ያለች፣ ኋላ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረች። እንዴት እንዳመጣችው ልንገራችሁ፣ ነገሬ ያለው እሱ ላይ ነው።

አንዲት ቆጮ የምትሸጥ የሲዳማ ሴት ነበረች፤ እኔም ሲዳማ ነኝ፣ በቋንቋችን ስለማጫውታት ትወደኛለች። እግሯ ቆስሎ መጣች፤ ፔንስሊን ተወጋች። ከወንበሩ ተነስታ ሁለት እርምጃ አልሄደችም፣ እፊቴ ወደቀች። ፊቷ እንደ ሊጥ ተነፋ፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ትንፋሽ አልወጣ አላት። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳት፤ ዓይኗ ዓይኔን እያየ ሊሄድ ነበር። ሲስተሯ ሌላ መድኃኒት ወጋቻትና ከብዙ ጊዜ በኋላ ትንፋሿ ተመለሰ። ያን ቀን ሲስተሯ ካርዷ ላይ በቀይ ቀለም ጻፈችበትና እኔን ጠርታ፣ "እትዬ፣ ይቺ ሴት ሁለተኛ ፔንስሊን ካገኘች አትተርፍም። ሰው ሥራ ሲበዛበት አያነብም፤ ክር ግን እጁ ላይ ይመጣበታል። ቀይ ክር ስፊበት" አለችኝ።

ከዛ ወዲህ ፔንስሊን የማይስማማው ሁሉ ካርዱ ጥግ ላይ በቀይ ክር እሰፋበታለሁ። ሳንባ የሚታከመውን በሰማያዊ። የክርና የመርፌ ሥራ ለኔ ምን አለው፤ የልጆቼን ሱሪ ስጠቅም የኖርኩ ነኝ።

ከዚህ በኋላ አዲሱ ኃላፊ መጣ።

ዕቅዱ ክፉ አልነበረም፤ እግዜር ያያል፣ ለሰው መዋሸት ኃጢአት ነው። ካርድ ክፍላችን የድመት አልጋ ይመስል ነበር። ካርድ ጠፋ ተብሎ አምስቴ አዲስ ካርድ የወጣለት ሰው አለ። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ከውጭ አገር ኮርስ ወስዶ የመጣ፣ ሥራ ወዳድ። ካርቶን ራሱ ተሸክሞ ሲያወርድ አይቼዋለሁ። ከአዲስ አበባ አዳዲስ ካርድና ካኪ ፖስታ አስመጣ። ሰበሰበንና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቤት ሳለ፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው፣ አንድ አጠር ያለች ሴት፣ ትንንሽ ልጆች።

"ከእንግዲህ አንድ ቤተሰብ አንድ ፖስታ ነው" አለ። "ፖስታው ላይ የአባወራው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ይጻፋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ሚስትም ልጅም ካርዳቸው እዛ ፖስታ ውስጥ ይገባል። የቀበሌው ዝርዝር መጥቶልናል። በሽተኛው መስኮቱ ጋ መጥቶ የአባወራውን ሙሉ ስም ሲናገር፣ ፖስታው በግማሽ ደቂቃ ይወጣል። ሁሉም ነገር ለአብዮት በዓል ይጠናቀቃል፤ ከበላይ አካል እንግዶች መጥተው ይጎበኙታል።"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ የሁሉም እጅ ሲነሳ የኔ ብቻ አይቀርም። ከዛ ነገሩ ገባኝና እጄን አወጣሁ። ጽዳት እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ጓድ" አልኩት፣ "የኛ አገር ሴት ያማቷን ስም አትጠራም። አባወራዋን ከነአባቱ ጥሪ ካሏት፣ ያባቱ ስም ያማቷ ስም ነው። እሱን ከምትጠራ ምላሷን ብትቆርጥ ይሻላታል። በስሙ የሚጀምር ሌላ ቃል እንኳ አትናገርም፤ ዞራ ሌላ ስም ትሰጠዋለች።"

ይሄ እውነት ነው። እኔ ራሴ ያማቴን ስም እስኪሞት አልጠራሁም። ከሞተም በኋላ አልጠራሁም፤ አሁንም ይቺ ልጅ ንገሪኝና ልጻፈው ብትለኝ እንቢ ብያታለሁ።

ኃላፊው ፈገግ አለ፤ እንደ ሕፃን ነበር ያየኝ። "ጓድ፣ ይሄ ኋላ ቀር ባህል ነው። አብዮቱ ሴቶችን ከዚህ ነፃ አውጥቷል። ሲጠየቁ ይናገራሉ።"

"እሺ" አልኩት፣ "ካልተናገሩስ? እስከ ዛሬ በገዛ አባቷ ስም ነበር የምትመዘገበው፤ እሱን ያለ ፍርሃት ትናገራለች። እሱ ይቆይላት።"

"ዕቅዱ ጸድቋል" አለኝ።

"ዕቅዱማ ይጽደቅ፤ ሴትየዋ ግን ዝም ትላለች። እርስዎን የቤትዎ ሰው ባባትዎ ስም ጠርታዎት ታውቃለች?"

ሰው ሳቀ። እዛ ጋ ነው የተበላሸሁት። ሰውዬው ስለባህሉ ብነግረው ተሸክሞት ነበር፤ ሰው ፊት መሳቂያ መሆን ግን አልቻለም። ፊቱ ቀላ። ሰሌዳውን ጠርጊ ብሎኝ ወጣ። ጠረግኩት፤ ያችን አጠር ያለች ሴት መጨረሻ ላይ ነው የጠረግኳት።

ዓርብ ደሞ የውይይት ቀን ነበር፤ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር አለ። ሁሉም ተነስቶ ጥፋቱን ይናገራል። ኃላፊው፣ "ጓድ ጽዳት ለዕቅዱ እንቅፋት የሚሆን አስተሳሰብ አንጸባርቀዋል፤ ግለ ሂስ ያድርጉ" አለ። ያኔ እንቅፋት መባል ቀልድ አልነበረም። እንቅፋት ተብሎ ቤቱ ሳይመለስ የቀረ ሰው አውቃለሁ። ባሌ ማታውኑ ሰምቶ፣ አፍሽን ዝጊ፣ ልጆች አሉን ብሎኝ ነበር።

ተነሳሁ። "ጥፋቴ እጄን ማውጣቴ ነው" አልኩ።

"ሌላስ?"

"ሌላው ጥፋቴ ሲዳማ መሆኔ ነው መሰለኝ፤ ባልሆን አላውቀውም ነበር፣ ባላውቀው ዝም እል ነበር።"

"ይሄ ግለ ሂስ አይደለም" አለ።

"እንግዲያው ያርሙኝ ጓድ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ" አልኩና ተቀመጥኩ። ውጭ ስስቅ ቆየሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ተንቀጠቀጥኩ። ፍርሃት ነው ብለው እንዳያስቡ፤ ንዴት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው።

ምዝገባው ተጀመረ። እኔ ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነው የማየው። ያ መነጽሩ የተሰበረው ሰውዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ፣ "የአባወራ ስም ከነአባቱ?" ይላል። ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ዝም። "የአባወራ ስም?" ይላል ጮክ ብሎ፣ ደንቆሮ መስላው። አንዷ የወለደችውን ልጅ ይዛ ከመጣች ልጁን በክርኗ ትነካዋለች፤ ልጁ ይናገርላታል፤ ተገላገለች። ልጅ ያልያዘችውስ? ከኋላዋ ሰው ተደርድሯል፤ ያጉረመርማል። ታፍራለች። ከዚህ የሚያስወጣትን ስም ትሰጣለች። አንዷ ያባቷን፣ አንዷ የጎረቤቷን። አንዷ አፏ ተሳስሮ ቆማ ከኋላዋ የተሰለፈ ወንድ የራሱን ስም ሰጠላት፤ እሷን ሚስቱ አድርጎ አስመዘገባት። ሰውዬው ደግነት መስሎት ነው። ጸሐፊው ባዶ ቦታ እንዳትተው ተብሏል፤ የተባለውን ጻፈ።

እኔ መወልወያዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ስጠጋ፣ "አንቺ ወዲያ" ይለኛል። "ይቺ የማን ልጅ እንደሆነች ልጠይቅልህ?" ስለው፣ "የማን ልጅ የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም፤ እኔን አታስበይኝ" ይለኛል። እሱም ፈርቷል፣ አልፈርድበትም። ማለቴ እፈርድበታለሁ፣ ግን ትንሽ ነው።

ከዛ ኮሚቴው የድሮዎቹን ካርዶች ከቀበሌው ዝርዝር ጋር እያመሳከረ አዲሶቹ ፖስታዎች ውስጥ ይከታቸው ጀመር። በሴትየዋ አባት ስም ተመዝግቦ ከዝርዝሩ ጋር ያልተገናኘው ካርድ ባለቤት የለውም ተባለ። ባለቤት የለውም። እኔ እያንዳንዷን በፊቷ የማውቃት፣ ያቺ ምጥ የያዛት፣ ያቺ ልጇ የሞተባት፣ ባለቤት የላትም። ጆንያ ውስጥ ጣሏቸው። ጆንያው እዛ ጥግ ላይ እየሞላ ሄደ።

ክሩን ደሞ ኃላፊው አየው። አንዱን ካርድ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ "ይሄ ምንድነው፣ የደብተራ ሥራ ይመስላል" አለ። ነገርኩት። ሲስተሯ ያዘዘችኝ ነው፣ ቀዩ እንዲህ ነው፣ ሰማያዊው እንዲያ ነው አልኩት። "አዲሱ ካርድ ላይ ለዚህ ራሱን የቻለ ቦታ አለው። እንግዶች ሲመጡ እንዲህ ያለ ነገር እንዳያዩ፤ ፈትተሽ ጣይው" አለኝ።

እሺ ጓድ አልኩት። ሰማያዊውን ፈታሁ። ቀዩን አልፈታሁም። ለምን ብትሉኝ፣ ሳንባ ሲያስል ይሰማል፤ ፔንስሊን የማይስማማው ሰው ግን እንደማንም ነው የሚመስለው።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጆንያዎቹን ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ፋሻ የምናቃጥልበት ጉድጓድ ወስደሽ አቃጥያቸው ተባልኩ። ወሰድኩ። መጀመሪያ ግን እጄን ጆንያው ውስጥ ከትቼ ዳበስኩ። ቀይ መሆኑን በዓይኔ፣ ክር መሆኑን በጣቴ። አሥራ አንድ አገኘሁ። የቆጮዋን ሴት ካርድ ሳገኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ካርዷ የት እንደገባ ሳላውቅ ነበር እስካሁን የሰነበትኩት። እሷም ባለቤት የላትም ማለት ነው።

አሥራ አንዱን በላስቲክ ጠቅልዬ የመወልወያ ቁምሳጥኔ ውስጥ፣ በጨርቁ ሥር አስቀመጥኩ። የቀረውን አቃጠልኩ። ስታዘዝ የኖርኩ ነኝ፤ አቃጠልኩት። አሁን ሳስበው ሁሉንም መደበቅ ነበረብኝ፤ የት ልደብቀው ግን? ጭሱ እስከ መናኸሪያ ይታይ ነበር። ሰው ምን እየነደደ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቆሻሻ ነው አልኩ። ያን ቃል አፌ ራሱ ስለተናገረው እስከ ዛሬ ይመረኛል።

እንግዶቹ መጡ፣ ጎበኙ። ፖስታዎቹ ተደርድረው ቁጥራቸው ሲታይ እውነት ያምራል። ዕቅዱ መቶ በመቶ ተፈጽሟል ተባለ። እኔ ወለሉን አብለጭልጬው ነበር፤ አንዱ እንግዳ ሊያንሸራትተው ሲል ብቻ ነው ወለሉን ያዩት።

ከዛ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት የቆጮዋን ሴት ወረፋው ላይ አየኋት። ጉንጯ አብጧል፤ ጥርሷ መግል ይዟል። በእጇ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይዛለች፤ በምዝገባው ጊዜ የሰጧት ናት። በዓይን ተሳሳምንና ወደ ሽንት ቤቱ ሄድኩ፤ ውሃ ፈሶ ነበር። ስመለስ ወረፋው ላይ የለችም። ምርመራ ክፍልም የለችም። መርፌ ክፍሉ በሩ ገርበብ ብሏል።

ባልዲዬን ይዤ ዘው ብዬ ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋለች። አዲሷ ሲስተር ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ናት፤ መርፌውን ወደ ላይ ይዛ አየሩን እያስወጣች ነው።

"ምንድነው የምትወጊያት?" አልኳት።

"እትዬ፣ ውጪልኝ፤ እጄ ላይ መርፌ አለ።"

"መርፌውን አይቼ ነው የገባሁት። ፔንስሊን ነው?"

"ነው።"

"አይሆንም፣ ይገድላታል።"

ልጅቷ ካርዱን በክርኗ አሳየችኝ። "ካርዷ ንጹሕ ነው። እንዲያውም ባለፈው ዓመት ፔንስሊን ተወግታ ተስማምቷታል፤ ተጽፏል። እሷንም ጠይቄያታለሁ፤ ያስቸግርሻል ወይ ስላት አይ አለችኝ።"

በአማርኛ ነዋ የጠየቀቻት። ይቺ ሴት አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ዋጋ ትናገራለች፣ ትከራከራለች። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲጠይቃት ደሞ ሰውየው ደስ የሚለውን ነው የምትመልሰው። ዞርኩና በሲዳምኛ፣ "መስኮቱ ጋ አባወራሽ ማነው ሲሉሽ የማንን ስም ሰጠሽ?" አልኳት።

አቀረቀረች። "የወንድሜን" አለችኝ። "ምን ላድርግ እቴ፣ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ነበር።"

ገባኝ። ወንድሟ ሚስት አለው። ፖስታው የወንድሟ ነው፤ ፖስታው ውስጥ ሚስት የሚል አንድ ካርድ አለ፤ ጸሐፊው በዚያ መነጽሩ ሚስት የሚለውን አይቶ አውጥቶ ሰጣት። ፔንስሊን የተስማማት የወንድሟ ሚስት ናት። ይቺ በሌላ ሴት ካርድ ልትታከም ነው የተቀመጠችው።

"ያ የወንድሟ ሚስት ካርድ ነው" አልኳት ለሲስተሯ። "የሷን አመጣልሻለሁ። እስክመለስ ብትወጊያት ይሄን ባልዲ አናትሽ ላይ ነው የምደፋው።"

ይሄንን የተናገርኩት እየቀለድኩ አልነበረም። ልጅቷም ገብቷታል፤ መርፌውን አስቀመጠች።

ወደ ቁምሳጥኔ ሮጥኩ። እንደኔ ያለች ወፍራም ሴት በረኪና የፈሰሰበት ኮሪደር ላይ ስትሮጥ አስቡት። ጨርቁን ወረወርኩት፤ ላስቲኩን ፈታሁ፤ ጥጉ የታጠፈውን ይዤ ተመለስኩ። ሲስተሯ ክሩን አየች፤ ከዛ ቀዩን ጽሑፍ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ አነበበችው። መልሳ አነበበችው። የቆጮዋ ሴት፣ "ምን ሆናችሁ? አትወጉኝም እንዴ፣ ገበያ አለብኝ" አለችኝ።

ኃላፊው ጩኸት ሰምቶ መጣ። ካርዱን ከሲስተሯ እጅ ወሰደ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። "ይሄ እንዲቃጠል የታዘዘ የመንግሥት ሰነድ ነው" አለኝ። "ከየት አመጣሽው?"

"ከመወልወያዬ ሥር።"

"ሌላም አለ?"

"አሥር አለ። ይቺን ጨምረው አሥራ አንድ።"

"ይሄ ስርቆት ነው፤ ገብቶሻል?"

ያች ትንሽ ሲስተር፣ ትንፋሿ የማይሰማው፣ መሃል ገባች። "ጓድ፣ ይሄ ካርድ ባይኖር እኔ አሁን ሰው ገድዬ ነበር" አለችው። "ፖስታው ውስጥ ያስገቡትን ካርድ አምኜ ነበር የምገድላት።"

ኃላፊው ቆሞ ካርዱን ያይ ነበር፤ በአውራ ጣቱ ክሩን ይነካካዋል። ደንግጧል፤ ክፉ ሰው አልነበረም ብያለሁ። ግን የደነገጠው ለሴትየዋ ይሁን ለሪፖርቱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሴትየዋን ቀና ብሎ አላያትም፤ ይሄንን ግን አውቃለሁ።

ሌላ መድኃኒት፣ የሚዋጥ፣ ተሰጣትና ሄደች። ከሞት እንደተረፈች ስነግራት፣ "ጥርሴን ግን ያመኛል" አለችኝ።

የቀሩትን አሥር ሲስተሯና እኔ ተያይዘን አሳደድናቸው። ሲስተሯ ስሙን ታነብልኛለች፤ እኔ ካርዱን አይቼ ያቺ ናት እላለሁ፤ ገበያ ወርጄ፣ ሐይቁ ዳር ሄጄ እፈልጋታለሁ፤ "መስኮቱ ላይ የማን ሚስት ሆንሽ?" እላታለሁ። እየሳቁ ይነግሩኛል። አንዷማ፣ "የቄሱን" አለችኝ፤ "ሌላ ስም አልመጣልኝም።" ቄሱ ሦስት ሚስት አስመዝግበው ተገኙ። ዘጠኙን አገኘናቸው። አሥረኛዋን አላገኘናትም። አገሯ ገብታለች የሚል አለ፣ ሌላ የሚልም አለ። የሷን ካርድ ስንት ጊዜ በእጄ እንዳገላበጥኩት። የተቃጠሉትን ደሞ ማንን ጠይቄ ልፈልግ።

ከዛ ሁሉ በኋላ ፎርሙ ላይ፣ በአባወራው ስም ሥር፣ የሴትየዋ አባት ስም የሚል መስመር ተጨመረበት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ፣ የአካባቢውን ባህል በጥናት ለይተን ዕቅዱን አሻሽለናል አለ። በጥናት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። እጄን ላወጣ ነበር፤ ባልዲ ይዤበት ነበር።

በሳምንቱ ቢሮው አስጠራኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። "ፈርሚ" አለኝ።

"ምንድነው ጓድ?"

"ማስጠንቀቂያ ነው። የመንግሥት ሰነድ ደብቀሻል።"

"እኔ አላነብም" አልኩት። "ያንብቡልኝ።"

አነበበልኝ። ፈጠን ፈጠን አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

"ሲስተሯ ያለችው አልተጻፈበትም? ሴትየዋ መትረፏስ?"

"እዚህ አይገባም።"

"እንግዲያው ይድገሙልኝ፤ ጆሮዬ ውስጥ በረኪና ገብቷል።"

ደገመልኝ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ቀነሰ። ሦስተኛ ልል ነበር፣ አሳዘነኝ። "ይሄ ወረቀት የት ነው የሚቀመጠው?" አልኩት።

"የግል ማህደርሽ ውስጥ።"

"በባሌ ስም?"

"በራስሽ ስም ነው እንጂ። የሠራተኛ ማህደር በሠራተኛው ስም ነው።"

"ለማስጠንቀቂያ ሲሆን በራሴ ስም ነኝ" አልኩት።

የቀለሙን ጣሳ ወደኔ ገፋው። አውራ ጣቴን እስከ አንጓዬ ነክሬ፣ ከታች ባሳየኝ ቦታ ሳይሆን፣ ሰነድ ደብቃለች የሚለው ይሆናል ብዬ የገመትኩት መሃለኛው መስመር ላይ፣ የቻልኩትን ያህል ተጭኜ ፈረምኩ።